ዝጉ ተጎታች

በሰፈሯ «ቬሎ» ነው የሚሏት። የሙሽራ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሱቋ መስኮት ላይ ሁልጊዜ አንድ ነጭ ቬሎ ተሰቅሎ ስለሚታይ ስሙ እዚያው ቀረባት። እጇ ወርቅ ነው። ከደንበኞቿ ጋር ስለ ዳንቴል፣ ስለ ወገብ ልክ፣ ስለ ሙሽራው ቁመት ስታወራ ትውላለች፤ ስለ ራሷ ግን ከአፏ አንድ ቃል ማውጣት ጭንቅ ነው። «አባትሽ ምን ይሠራሉ?» ብለው ከጠየቋት «ጡረታ ላይ ናቸው» ትልና መርፌዎቿን በከንፈሯ ትይዛለች። መርፌ የያዘን አፍ ደግሞ ማን ይጠይቃል?

አባቷ ጡረታ ወጥተው አያውቁም። በልጅነታቸው ሁለቱም እግሮቻቸው ሽባ ሆነዋል፤ ሬዲዮ እየጠገኑ ነው የኖሩት። ሚስታቸው ልጅቷ ጡት ሳትጥል ስለሞተችባቸው ለብቻቸው አሳደጓት። የሚንቀሳቀሱት በባለሦስት እግር ሞተር ነው። አሮጌ ሞተር ብስክሌት ገዝተው፣ ከኋላ ሁለት ጎማ በብየዳ አስገጥመው፣ ፍሬኑንም ማርሹንም በእጅ እንዲሠራ አድርገው ራሳቸው ያበጁት ነው። ሲነሳ ያስላል፣ ሲሄድ ይንተከተካል። ትምህርት ቤት የሚያደርሷትም በእሱ ነበር። ልጆች የሞተሩን ድምፅ በአፋቸው እያስመሰሉ ሲከተሏት ጊዜ፣ አንድ ጠዋት «እዚህ ጋ አውርደኝ፣ ከዚህ በእግሬ ልሂድ» አለቻቸው። ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤቱ ሳይታይ፣ መታጠፊያው ላይ መውረድ ልማዷ ሆነ። ለምን ብለው አልጠየቋትም።

አድጋ ወደ ሌላ ከተማ ሄደች፤ ሱቅ ከፈተች፤ ዕቃ በፒክአፕ የሚያመላልስ ረጋ ያለ ሰው አገባች። አባቷ ግን እያረጁ ሄዱ። ትከሻቸው አልታዘዝ አላቸው፤ የተከራዩበትም ቤት ሊፈርስ ሆነ። «እኔ ጋ ና» አለቻቸው።

«እመጣለሁ። ሞተሬ ግን አብራኝ ትመጣለች።»

«አባዬ፣ እኛ ጋ እኮ መኪና አለ። የፈለግክበት እንወስድሃለን።»

«እናንተ ስትፈልጉ ነዋ የምትወስዱኝ። እኔ ስፈልግስ?»

ሞተሯ አብራ እንድትመጣ ተስማማች። መንገዱ ደግሞ ረጅም ነው፣ ዳገትና ቁልቁለት ይበዛዋል፤ ያረጀ ሞተር አይችለውም። እናም ከባሏ ጋር ተጎታች ወደሚከራይበት ግቢ ሄዱ።

የግቢው ባለቤት ድምፀ ወፍራም ሴት ናት። እጇን በጨርቅ እየጠረገች ወጥታ «ምንድነው የምትጭኑት?» አለች። ባልየው ነገራት። ሴትየዋም በቀጥታ ወደ አንድ ክፍት ተጎታች ወሰደቻቸው። ወለሉ ለመሬት የቀረበ ነው፤ መወጣጫው ሰፊ፣ በዳር በዳሩ የብረት ቀለበት የተበየደበት።

«ባለሦስት እግር ነገር ተንኮለኛ ነው» አለች። «ከፊት አንድ እግር ብቻ ስላለው ኩርባ ላይ በጎኑ መተኛት ያምረዋል። ከሻሲው፣ ከታች ካለው ዋናው ብረቱ ነው የሚታሰር፣ በአራቱም ማዕዘን። እዚህ ላይ እንደልባችሁ ዙሪያውን ዞራችሁ ታስሩታላችሁ። ጥቂት እንደሄዳችሁ ደግሞ ወርዳችሁ እዩት፤ አዲስ የታሰረ ነገር መላላቱ አይቀርም።»

ቬሎ ግን የምታየው ሌላ ነው። አጥሩ ሥር፣ ቆርቆሮ ለበስ፣ በር ያለው ዝግ ሳጥን ቆሟል።

«ያኛውስ?»

«እሱ የቤት ዕቃ መጫኛ ነው፣ እህቴ። ፍራሽ፣ ቁም ሳጥን። ጠባብ ነው፤ ሞተሩን ካስገባችሁ በኋላ ጎኑ ሰው አያስገባም። ቀለበቱም ግድግዳው ላይ ከፍ ብሎ ነው።»

«ዝናብ ቢመጣስ?»

ሦስቱም ቀና አሉ። ሰማዩ ላይ የጣት ጥፍር የምታህል ደመና አልነበረችም።

«ሸራ እናለብሰዋለን እኮ» አለ ባሏ።

«ሸራውን ነፋስ ይገልጠዋል!» ብላ ጮኸችበት። እሱም የሚስቱን ፊት አይቶ ወደ ፒክአፑ ሄደ። ባለተጎታቿ ትከሻዋን ነቅንቃ «እኔ ነግሬሻለሁ» አለችና ቁልፉን ሰጠቻት።

ቬሎን ያስጨነቃት ዝናብ አልነበረም። ያ ብረት በጠራራ ፀሐይ እየተወዛወዘ በሱቋ በር ሲያልፍ፣ ሙሽሮችና የሙሽራ እናቶች ቆመው ሲያዩት ነበር የታያት። በዝጉ ከሆነ ማንም ሳያይ ከቤቱ ጀርባ ይገባል።

አባትየው በዚያ ሊፈርስ በተባለው ቤት በረንዳ፣ ዱካ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር። ሳጥኑን ሲያዩ «ይሄ ምንድነው?» አሉ።

«ለዝናብ ብዬ ነው፣ አባዬ።»

ሰማዩን አዩ። ከዚያ እሷን አዩ። «እሺ» አሉ።

ባልየው ሞተሩን ገፍቶ ሲያስገባ የኋላ ጎማዎቹ ግድግዳውን በግራም በቀኝም እየፋቁ ገቡ። አባትየው ከተቀመጡበት «ማርሽ አስገባበት! የእጅ ፍሬኑን ሳብ! ጎማው ሥር ታኮ!» ይላሉ። ሁሉንም አደረገ። ሻሲው ጋ ከጎን መድረስ ግን አልቻለም። መሪውን በቀበቶ ግራና ቀኝ ወጥሮ፣ ከኋላ በአንድ ገመድ ሻሲውን ያዝ አደረገው።

«መሪው ብቻውን አይችላትም» አሉ ሽማግሌው።

«ቀስ ብለን ነው የምንሄደው» አለች ቬሎ፣ በሩን እየቀረቀረች።

ጥቂት እንደሄዱ ባሏ ገበያ ዳር መኪናውን ቀዝቀዝ አደረገ። «ማሰሪያውን እንየው።»

«እዚህ አይሆንም። ወደፊት ሂድ።»

«ለምን?»

«ሰው ይበዛል።»

ባልየው በመስታወቱ አያት። አባቷ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ቁልቁለቱ ሁለተኛ ኩርባ ላይ ነው ድምፁ የመጣው፤ እንደ በርሜል ጓ አለ። ተጎታቹ ወደ ጎን ተንገዋለለና የፒክአፑን ጀርባ ይዞ ሊሄድ ሞከረ። ደግነቱ ባልየው ደንግጦ ፍሬን አልረገጠም፤ እግሩን ከነዳጅ መስጫው አንስቶ፣ መሪውን አጥብቆ፣ ቀስ በቀስ ዳር አስይዞ አቆመው። በሩን ሲከፍቱት የቤንዚን ሽታ አፈናቸው። ሞተሩ በጎኑ ተዘርሯል። መሪው ተጣሟል፣ መብራቱ ደቅቋል፣ ወንበሩ ተተርትሯል። የወንበሩን ቆዳ አባቷ በእጃቸው ነበር የሰፉት። እሷም መርፌ መያዝ የተማረችው እሱን ሲሰፉ እያየች ነው።

ከመንገድ ዳር ካለው ጎሚስታ ቤት፣ ከሻይ ቤቱ፣ ሰው ግር ብሎ መጣ። «ሲጋራ የያዘ ራቅ በል!» ይላል አንዱ። ሌሎቹ ተረባርበው ሞተሩን ጎትተው አወጡና መሬት ላይ አቆሙት። እንዳይታይባት ስትል ያን ያህል የለፋችለት ነገር ይኸው መሃል መንገድ ላይ፣ ተሰባብሮ፣ በሰው ተከቦ ቆመ።

«አውርዱኝ» አሉ አባቷ ከጋቢና። ሁለት ጎልማሶች እጅ ለእጅ ተያይዘው እንደ ወንበር ተሸክመዋቸው በሰዉ መሃል አለፉ። ዓመታት ሙሉ ለማንም ሸክም ሳይሆኑ በገዛ እጃቸው ሲነዱ የኖሩ ሰው! የሞተሩን ታንከር ዳሰስ ዳሰስ አደረጉት፣ እንደታመመ ሰው ግንባር።

«ማን ነው እንዲህ የጫነው?» አለ ጎሚስታው ተናዶ። «እንዲህ ያለ ነገር በዝግ ሳጥን ይጫናል?»

ባልየው አፉን ሊከፍት ሲል ሽማግሌው ቀደሙት። «እኔ ነኝ። ዝናብ ይመጣል ብዬ።»

«በዚህ ፀሐይ?»

«አርጅቼ የለ? ተሳሳትኩ።»

ሰዉ በፍቅር ሳቀባቸው። ቬሎ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። «እኔ ነኝ» ማለት ሁለት ቃል ነው፤ አፏ ላይ መጥቶ ቀረ።

ባልየው ለባለተጎታቿ ደወለ። እስክትመጣ ሰዉ ተበተነና አባትና ልጅ ብቻቸውን ጥላ ሥር ተቀመጡ።

«ለምን እንደዚያ አልክ፣ አባዬ?»

«ታዲያ ምን ልበል? ልጄ ታፍርብኛለች ልበል?»

እሷ ዓይኗን ወደ ሞተሩ መለሰች።

«ዛሬ የጀመረሽ አይደለም። ያኔ ልጅ ነበርሽ፤ ስታድጊ ይተውሻል ብዬ ነበር» አሉና ጉልበታቸው ላይ ያለውን አቧራ አራገፉ።

ባለተጎታቿ ክፍቱን እየጎተተች መጣች። ነግሬሽ ነበር አላለችም፤ ብትሰድባት ይሻላት ነበር። ቬሎ ቀበቶዎቹን ራሷ ተቀበለች። ተንበርክካ፣ ቀሚሷ ቅባት እየነካው፣ ከሻሲው አራት ማዕዘን ወደ ወለሉ ቀለበቶች እያጠላለፈች ወጠረች። ከማሰሯ በፊት ሞተሩን ሲጭኑ፣ ሴትየዋ ስታመለክታት ክብደቱ ወደ መጎተቻው ትንሽ እንዲያደላ ገፋ አድርገውት ነበር። መንገድ ላይ ማሰሪያውን ለማየት ሁለት ጊዜ «አቁም» ያለችው ራሷ ናት።

ሰፈር ሲደርሱ ፀሐይ አልጠለቀችም። አንዲት የሙሽራ እናት ሱቁ በር ላይ ቆማ ትጠብቃት ነበር።

«ይሄ ደግሞ የማነው?»

«የአባቴ» አለች፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«የማን?»

«የአባቴ። ራሱ ነው የሠራው።»

«ጎበዝ ናቸው» አለች ሴትየዋ፤ ወዲያውም «እጅጌው አጠረ ብላለች ልጅቷ፣ ምን ይሻላል?» ብላ ወደ ራሷ ጉዳይ ገባች። ቬሎ ዕድሜዋን ሙሉ የፈራችው ነገር ይኸው ነበር፤ ይህችው ብቻ።

የሰፈሩ በያጅ መሪውን እስኪያቃና አባቷ ከአልጋ ወደ በረንዳ፣ ከበረንዳ ወደ አልጋ በሰው ክንድ ሆኑ። ውሃ እንኳ ሲያምራቸው ይጠሯታል፤ «ይቅርታ፣ ከሥራ አስተጓጎልኩሽ» ይሏታል። የወንበሩን ቆዳ ለሙሽራ ልብስ እንኳ ባልሰፋችው አሰፋፍ ደግማ ሰፋችው። አገላብጠው አዩትና «ከኔ ይበልጣል» አሉ።

ሞተሩ ድኖ ሲነሳ፣ ሱቋ አጠገብ ጠረጴዛ ዘርግተው ሬዲዮ መጠገን ጀመሩ። ሰዉም ወዲያው ለመዳቸው። «አባትሽን እንዴት ብትይዣቸው ነው እንዲህ የሚያምርባቸው?» ብለው ሲያመሰግኗት ዓይኗን መሬት ትተክላለች።

አንድ ከሰዓት ጠረጴዛቸው ፊት ቆማ፣ «አባዬ፣ ያን ቀን ዝናቡን ፈርቼ አልነበረም። ሰው ፊትም ዝም አልኩ። ይቅር በለኝ» አለች፤ አላፊ አግዳሚው እየሰማ።

ከተከፈተው ሬዲዮ ላይ ዓይናቸውን አላነሱም።

«ሰምቻለሁ» አሉ። «ያቺን ትንሿን ብሎን አቀብዪኝ።»

አቀበለቻቸው። ይቅር ብዬሻለሁ ግን አላሏትም፤ እሷም ደግማ አልጠየቀችም።