በጾም የታጠበው ስልቻ

የበደለኝ የባሌ ታላቅ ወንድም ነው። የበደለኝም ጣሊያን ከወጣ ከጥቂት ዓመት በኋላ፣ የነቢያት ጾም በገባ ሰሞን ነው። ስሙን አልጽፈውም። ልጆቹ በሕይወት አሉ፤ እነሱ ምንም አላደረጉኝም።

ቤታችን እስቴ ቆላ፣ ከዓባይ መሻገሪያ በላይ ካለው አፋፍ ላይ ነበር። ማዶው ጎጃም ነው። ክረምት ወንዙ ማንንም አያስጠጋም፤ ኅዳር ላይ ጎደል ሲል ግን ነጋዴው፣ ቄሱ፣ ሙሽራው፣ ለቅሶ የሚሄደው ሁሉ ይወርዳል። የባሌ ወገኖች ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ አሻጋሪዎች ነበሩ። ጀንዲ የሚባለውን ሰፊ የበሬ ቆዳ ሣር አጭቀው ይጠፍሩትና ተሻጋሪውን ከነጓዙ ያስቀምጡበታል። ዋናተኛው የተነፋ የፍየል ስልቻ ደረቱ ላይ አስሮ፣ የጀንዲውን ጠፍር በትከሻው አግብቶ ይጎትታል። በቅሎው እየዋኘ ይከተላል። ተሻጋሪው ውኃው ላይ ሳለ የማይጠራው ታቦት የለም፤ ማዶ ሲደርስ ልብሴን አራስህብኝ ብሎ ዋናተኛውን ይቆጣል።

ስልቻው የሴት ሥራ ነው። ፍየሉ ሆዱ ሳይሰነጠቅ ይገፈፋል። ቆዳውን እኔ አለፋዋለሁ፤ አንገቱንና ሦስቱን እግር በጅማት እቋጥራለሁ፤ በቀረው እግር ባሌ በአፉ ይነፋል። ከዚያ በፊት ግን የቀለጠ ሞራ እየደጋገምሁ አጠጣዋለሁ። ሞራ ያልጠጣ ቆዳ እርጥብ ሳለ ደህና ይመስላል፤ ፀሐይ ላይ ውሎ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ይህን ያስተማረችኝ እናቴ ናት። ቋጠሮዬን ፈልገው ከስማዳ ድረስ ስልቻ ያመጡልኝ ነበር። ከዚያ ስም ሌላ የራሴ የምለው ነገር አልነበረኝም።

የባሌ ወንድም የአሻጋሪዎቹ አለቃ ነበር። በልጅነቱ ዜማ ሊማር ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ሄዶ ሳይጨርስ ተመልሷል። ያልጨረሰውን ትምህርት እኛ ላይ ይጨርስ ነበር። ማን እንደጾመ፣ ማን እንደገደፈ የሚጠባበቅ እሱ ነው።

አንድ ጠዋት ስልቻዎቹን ላሰጣ ስወጣ በሞቀ የአመድ ውኃ ሲያጥባቸው አገኘሁት።

«ምን እያደረጉ ነው ጋሼ?»

«ጾም ገብቷል። ሞራ በአፋችን እየነካን ምኑን ጾምነው? በኑግ ዘይት ቅቢያቸው።»

«ኑግ ላዩን ያብለጨልጫል እንጂ ውስጥ አይገባም። ድሮም በጾም የሚቀባው በሞራ ነው።»

«ድሮም ስትገድፉ ኖራችኋላ።»

ባሌ ከኋላዬ ቆሞ ነበር። ቀልድ ይወዳል። «ጋሼ፣ ቆዳውስ የፍየል አይደል እንዴ? እሱንም እንተወውና በጎመን እንዋኝ?» አለው። ዋናተኞቹ ሳቁ።

«አንተ የሚስትህን ምላስ ንፋና ተሻገርበት» አለው ወንድሙ። ይባስ ብለው ሳቁ። ባሌም አብሮ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ እምቢ ማለት ቀረ። ታላቅ ነው፤ አለቃ ነው፤ ይዞ የተነሣውም ጾም ነው። ኑጉን ቀባሁ። ስቀባ ግን «ይሰነጠቃል» ብያለሁ፤ ሁሉም ሰምተውኛል።

ብዙ ሳይቆይ ባሌ አንድ ነጋዴ ከነጓዙ ይዞ ወንዙ ገባ። ስልቻው ረፋዱን ድንጋይ ላይ ተሰጥቶ ነበር። እኔ ዳር ቆሜያለሁ። ወንዙ መካከል ሲደርስ ደረቱ ዝቅ፣ ትከሻው ዝቅ ሲል አየሁት። ምንም አልሰማሁም፤ ውኃው ይጮኻል። ጠፍሩን ከትከሻው ቢጥለው ራሱን ያወጣ ነበር፤ ነጋዴውን ግን ዓባይ ይወስደዋል። አልጣለውም። ሌሎቹ ደርሰው ጀንዲውን ያዙ፤ ነጋዴው ወጣ። ባሌን ከታች፣ ወንዙ ከሚታጠፍበት አገኙት። ስልቻው እንደ ጨርቅ ደረቱ ላይ ተለጥፎ ነበር።

ለቅሶው ላይ ወንድሙ ደረቱን እየደቃ፣ «ቋጠሮው ተፈታበት! ወንድሜን ቋጠሮ በላብኝ!» ብሎ ጮኸ። ለቀስተኛው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ለቅሶ ላይ የተባለን ነገር ማን ይመልሰዋል? ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልቻ የሚያሠራኝ ጠፋ። ውኃ ስቀዳ ሴቶቹ፣ «እንስራዋን ራሷ ትሸከም፤ እጇ የነካው ሁሉ ይፈታል» ይባባሉ ነበር። ሴት ልጄን አጭተው የነበሩ ሰዎችም ቃላቸውን አጠፉ።

ስልቻውን ይዤ ሽማግሌዎች ፊት ቀረብሁ። ቋጠሮዎቹ ሁሉ እንዳሉ ነበሩ። የተቀደደው ሆዱ ላይ፣ ከእጥፋቱ ነው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ሽበታም ቄስ፣ አገላብጠው አዩት።

«ልጄ፣ ቋጠሮሽስ አልተፈታም። ታዲያ ምን እንበል? ጾም ገደለው እንበል?»

«ጾም ገደለው አላልሁም አባ። ጋሼ ገደሉት ነው የምለው።»

«በይ አፍሽን ሰብስቢ» አሉኝ። ታረቁ ተባልን። የባሌን ወንድም ጉልበት ሳምሁ። እሱም፣ «እግዜር ይፍታሽ» አለኝ፤ እኔን።

በዓመቱ፣ ያው ጾም እንደገባ፣ ሰው ሁሉ አውድማ በዋለበት ቀን ቤቴ መጣ። ስልቻ ጋቢው ሥር ይዟል።

«ይህን ቀብተሽ ቋጥሪልኝ።»

«ኑግ የለኝም።»

«ኑግ አላልሁሽም።»

በቅጠል የተጠቀለለ ሞራ አውጥቶ መደቡ ላይ አኖረ። ዓይኑን ደጅ ደጁን አደረገ።

«የሌሎቹስ በኑግ ይቅር?» አልሁት።

«የሌሎቹን ተዪው። የእኔን ብቻ። ለማንም አትንገሪ።»

ወጣ። ያውቅ ነበር ማለት ነው። ለቅሶው ላይ ሲጮኽም፣ ሽማግሌ ፊት ጉልበቱን ሲያስመኝም ያውቅ ነበር። ስልቻውን ጭኔ ላይ አድርጌ ብዙ ተቀመጥሁ። ቢላው አጠገቤ ነበር። ያሰብሁትን እዚህ አልጽፍም።

ሞራውን አቅልጬ አጠጣሁት። አንገቱንና ሦስቱን እግር ከዚያ በፊት ለማንም ቋጥሬ በማላውቀው ጥንቃቄ ቋጠርሁት። በማግስቱ ዋናተኞቹ ሁሉ ባሉበት ወረድሁ።

«ጋሼ፣ በሞራ ቅቢልኝ ያሉኝ ስልቻ ይኸውልዎ።»

እጁን አልዘረጋም። አንድ ሸምገል ያለ ዋናተኛ ተቀበለኝ። በአውራ ጣቱ ሻሸው፤ አሸተተው፤ ለጎረቤቱ አቀበለው። ስልቻው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። በመጨረሻ ጋሼ እግር ሥር አኖሩለት። የየራሳቸውን ከአሸዋው አነሡና አንድ ባንድ ወደ አፋፉ ወጡ። ማዶ ያሉ ተሻጋሪዎች ሲጣሩ ይሰማ ነበር። እሱ ብቻውን ቀረ።

እኔ ልጄን ይዤ መካነ ኢየሱስ ከተማ ወጣሁ። ጠላ እየጠመቅሁ ኖርሁ። ልጄን እዚያው ዳርሁ። ስልቻ አልቋጠርሁም። ሲሞት ሰው ላኩብኝ። ለቅሶው አልሄድሁም።