የጋሽ ደምሴ መኪና የኋላ አክስል

ባለፈው ቅዳሜ ሬክስዴል ሰፈር የትራፊክ መብራት ይዞኝ ቆሜ ሳለሁ፣ ጣሪያዋ የተከፈተ አሮጌ ቀይ መኪና አጠገቤ መጥታ ቆመች። ሰው ሁሉ ቀለሟን ያያል፤ እኔ ያየሁት የኋላ ጎማዋን ነው። መካኒክነት እንዲህ ነው፣ ቆንጆ ነገር እንኳ በሰላም አያሳይህም። መብራቱ ተለወጠና ሄደች፤ የድሮው ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ሲያንገበግበኝ ዋለ።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ከአገር ቤት ስፖንሰር አድርገው ያመጡኝ የሟች አባቴ ጓደኛ ጋሽ ደምሴ ናቸው፤ ኢቶቢኮ ሰፈር ባለው ቤታቸው ቤዝመንት፣ ምድር ቤቱ ውስጥ፣ አስቀመጡኝ። ሲጠሩኝ “ልጄ” ነበር የሚሉኝ። የራሳቸው ልጅ ዮናስ ከእናቱ ጋር ከተፋቱ በኋላ ርቋቸዋል፤ ስልካቸውን እንኳ አያነሳም። አሮጌ መኪና እንደሚወድ ሰምተው፣ ሲመረቅ ሰጥተውት ሊታረቁት ጣሪያዋ የሚታጠፍ ጥንታዊ መኪና ገዙ።

የኋላ ጎማዎቹን የሚያዞረው አክስሏ ጥርሱ ተበልቶ ይጮኻል። ዊንተሩን ሙሉ ከሥራ መልስ ጋራዡ ውስጥ ነበርን። ብረቱ ከቅዝቃዜው የተነሳ እጅ ላይ ይጣበቃል። እሳቸው በትንሽ ምድጃ ምስር ወጥ እያሞቁ “ብላ ልጄ፣ ብረት በባዶ ሆድ አይያዝም” ይሉኛል። ከእናቴ ቤት ወዲህ እንደዚያ ጥሞኝ የበላሁት የለም።

“ጋሼ፣ የራሷን አክስል እስክናገኝ ብንጠብቅ ይሻላል” አልኳቸው። “ይሄ ያገኙት የኋለኛው ዘመን አክስል ሰፊ ነው፤ እሱን ለመግጠም የድሮውን መያዣ ከሻንሲው ላይ መቁረጥ አለብን። አንዴ ከተቆረጠ መመለሻ የለውም።”

“ሃይዌይ ላይ ልጄን ጥላው እንድትቀር ነው? ቁረጠው። ኃላፊነቱ የኔ ነው።”

ቆረጥኩት። አዲስ መያዣ በየድኩ፤ ጎማው ከላዩ ያለውን ፓራፋንጎ ሲልሰው አክስሉን አውርጄ እንደገና ገጠምኩ። በረዶው ሲቀልጥ ጣሪያዋን ከፍተን ወጣን፤ ድምፅ የሚባል የላትም። ጋሽ ደምሴ በዚያ ብርድ ፊታቸው ቀልቶ ይስቃሉ። ኮራሁ፣ ምን እዋሻለሁ።

በተመረቀ ሰሞን ዮናስ መጣ። ቁልፉን ሳይቀበል ባትሪ አንስቶ ከሥሯ ገባ።

“ማነው ይሄን መያዣ ከት አድርጎ የቆረጠው?” አለ ሲወጣ። “ኦሪጅናሏን ገደላችኋት እኮ፤ እንዲህ ያለች መኪና ዋጋዋ እንደተሠራች ስትቆይ ነው።”

ጋሽ ደምሴ እኔን አዩኝ፤ ከዚያ ልጃቸውን።

“እኔማ እንዳትነካው ብዬው ነበር። አልሰማ ብሎኝ ነው።”

ትልቅ ሰውን፣ ያውም እጁን ዘርግቶ ያመጣህን ሰው፣ ልጁ ፊት “ዋሹ” ማለት በኛ ነውር ነው። መፍቻዎቼን መሰብሰብ ጀመርኩ። ዮናስ ገላምጦኝ አባቱን ትከሻቸውን አቀፋቸው፤ “ኢትስ ኦኬ ዳድ፣ ያንተ ጥፋት አይደለም” እያለ። በመኪናዋ ያልሆነው እርቅ በእኔ ሆነ።

ራት ላይ እንጀራውን ወደ እኔ ገፋ አድርገው “አንተ ምንም አትሆንም” አሉኝ። “እሱ ግን ልጄ ነው።”

በወሩ ጄን ኤንድ ፊንች የሚባል ሰፈር ክፍል ተከራይቼ ወጣሁ። የሰው መኪና አበላሸ የሚለው ወሬ ግን ቀድሞኝ ነበር፤ ቸርች ውስጥ መኪናውን ለጥገና የሚሰጠኝ ሰው እስካገኝ ስንት ዘመን ፈጀብኝ።

ጋሽ ደምሴ አምና አረፉ። ለቅሷቸው ላይ ሁሉም ስለ ቅንነታቸው ሲያወራ አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥኩ። ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ፣ እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳቸውም። የሚያቃጥለኝ ውሸቱ አይደለም። ያን ዕለት ጠዋት ለብቻዬ ጠርተው “ልጄ፣ ነገሩን ባንተ ላላክከው?” ቢሉኝ ኖሮ፣ እሺ ነበር የምላቸው። ደስ ብሎኝ።