የሳፊያ እርድና የሽፋኗ ልጅ

ሳፊያ የሸዋሮቢትን ሙቀት ችላ ኖራለች። ጎኗ ተቀምጣ ቅመም የምትሸጠውን የአሰገደችን ምላስም ችላለች። የመጽሔት ሽፋን ግን ከአቅሟ በላይ ሆነባት።

ገበያው መሀል ካለው ዋርካ ሥር ቅመም ትሸጣለች። ኮረሪማዋን ፈልቅቃ ገዢው አፍንጫ ሥር ሳታደርስ ለማንም አትሰፍርም። "አሽትታችሁ ግዙ፤ ሳያሸት የገዛ ኋላ እኔን ነው የሚረግመኝ" ትላለች። መጠቅለያዋ የመንግሥት ጋዜጣ ነበር። በየገጹ የታተመው ያ ሁሉ ረጅም ንግግር ዓመት እስከ ዓመት ቁንዶ በርበሬ ሲጠቀልል ኖረ፤ አንድ ሰው እንኳ ተሳስቶ "ንግግሩን እንዳትቀጂብኝ" ብሏት አያውቅም።

የዚያን ዓመት ዐቢይ ጾም ሲገባ ጋዜጣ ጠፋ። በደሴ መንገድ የጭነት መኪና የሚነዳው የአጎቷ ልጅ ነጅሙዲን ከአዲስ አበባ አንድ እስር መጽሔት አመጣላት።

"ከአገር የወጡ ፈረንጆች ቤት የተጣለ ነው። ወረቀቱ ወፍራም ነው፤ እርድ አያፈስም" አላት።

እርዱስ እውነትም አልፈሰሰም። የፈሰሰው የሰፈሩ ኮረዳ ነው።

መጽሔቶቹ የፈረንጅ ኮረዶች የሚያነቧቸው፣ የዘፋኝ ወሬ የሞላባቸው ነበሩ። በብዙ ቅጂ በመጣው በአንዱ ሽፋን ላይ ጸጉሯ የጤፍ ጭድ የመሰለ ልጅ ምስጢር ልትነግር እንዳለች አፏን ከፈት አድርጋለች። ከአናቷ በላይ እንደ ዛላ በርበሬ የተጋደሙ ቀያይ ፊደሎች፣ በየማዕዘኑ ደግሞ በክብ በክብ የተቀመጡ የወንድ ልጆች ፊቶች። ሳፊያ ወደ ግራ ዘንበል አለች፤ ልጅቷ ታያታለች። ወደ ቀኝ ዞረች፤ አሁንም ታያታለች።

"አጃኢብ!" አለች፤ ግርምቷ ግን ገበያው እስኪሞቅ እንኳ አልቆየም።

"እትዬ ሳፊያ፣ የአሥር ሳንቲም እርድ" አለች የደንበኛዋ የአበበች ልጅ ጌጤ።

"ትናንት ወስደሽ የለም እንዴ? እናንተ ቤት እርድ ይጠጣል?"

"በዚያችኛዋ ይጠቅልሉልኝ። አፏን ከፈት ባደረገችው።"

"ለእኔ ደግሞ ጸጉሩ ግንባሩ ላይ የወደቀውን ልጅ" አለች ከኋላ ጓደኛዋ ውባለም።

"ልጅ አልሸጥም! እርድ ነው የምሸጠው!"

ኮረዶቹ እየተያዩ ተንከተከቱ። ሳፊያ ኮረሪማ ፈልቅቃ ዘረጋችላቸው፤ ማንም አላሸተተም። የውስጡን ገጽ ስትሰጣቸው ፊታቸው ይጨልማል፤ ሽፋኑን ስትሰጣቸው ቅመሙን ወደ ነጠላቸው ጫፍ ገልብጠው ወረቀቱን በጉልበታቸው ላይ እያስተካከሉ ይሄዳሉ።

"ምኗ ነው እንዲህ ያሳበዳችሁ? ስሟን እንኳ አታውቁትም!" አለች ሳፊያ አንድ ቀን፣ ትዕግሥቷ አልቆ።

"እሷ እኮ ሳትልከኝ ነው የምታየኝ" አለች ጌጤ።

አበበች ቤት ጌጤን ሰው ቀና ብሎ የሚያያት እንስራው ሲጎድል ብቻ መሆኑን ሳፊያ ታውቃለች። ይህን ማወቋ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት።

ሆሳዕና ሲቃረብ አበበች ራሷ መጣች፤ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ለጠብ።

"ሳፊያ፣ ልጄን ምን አስነካሻት? ሽሮው እርድ፣ ክኩ እርድ፣ ጎመኑ እርድ! ባሌ ሽፈራው 'ሁሉ ነገር ቢጫ ሆነብኝ፣ የወፍ በሽታ ይዞኛል' ብሎ ጤና ጣቢያ ሄዷል!"

"እኔ ምን ላድርግ? ግዙኝ ብዬ ለመንኳቸው?"

"ሽፋኑን ካልተውሽ የሰፈሩ ሴት በሙሉ የፋሲካን ቅመም ከአሰገደች ነው የምንገዛው። ተማምለናል።"

አሰገደች ከጎን ሆና ሳቋን በመዳፏ አፈነች።

ሳፊያ ደነገጠች። የፋሲካ ገበያ ክረምቱን ሙሉ ልጆቿን የሚያበላ ነው፤ እሱ ከሄደ የሚተርፋት ዋርካውና ዝንቡ ነው። ስለዚህ ዘዴ ፈጠረች፤ የልጅቷን ፊት ወደ ውስጥ አዙራ እርዱን በቀጥታ ፊቷ ላይ አፈሰሰችው። አሁን ማን ይፈልጋታል?

በማግስቱ ጌጤ በሽፋኑ የለበጠችውን ደብተር ይዛ እየሮጠች መጣች።

"እትዬ ሳፊያ! ጠየመች! እኛን መሰለች!"

እውነትም ልጅቷ በእርዱ ወዝታ የእኛው የቀወት ወረዳ ልጅ መስላለች። ከጌጤ ኋላ የተማሪ መንጋ ይጎርፋል፤ ሁሉም "የጠየመችውን" ይላል።

"ያ ረቢ!" አለች ሳፊያ። ቅመሟን ከጉዞ ለተመለሰው ለነጅሙዲን አደራ ብላ የቀሩትን ሽፋኖች በሙሉ አቅፋ ተነሳች። አበበች ደጃፍ ላይ ልትወረውራቸው ነው። ለፋሲካ ከእሷ መግዛት አለመግዛታቸውም እዚያው ይለይለታል።

አበበች በሩን ስትከፍት የሳፊያ ዓይን ግድግዳው ላይ ቀረ። በጋዜጣ ከተለበጠው ግድግዳ መሀል፣ ከንግግሮቹ ሁሉ በላይ፣ የጠየመችው ልጅ ተለጥፋለች። ምድጃውንም፣ አልጋውንም፣ በሩንም ታያለች።

"ጌጤ ናት የለጠፈቻት" አለች አበበች ቶሎ ብላ። "ልቀዳት ነበር…"

"ቅደጃታ!"

"አየሽ፣ ሽንኩርት ስከትፍ ታየኛለች። ስደክምም ታየኛለች።" አበበች ድምጿን ዝቅ አደረገች። "በዚህ ቤት ማን ያየኛል?"

ሳፊያ የያዘችውን ሁሉ መሬት ላይ ለቀቀችው። "እናትም ልጅም! እና መሐላችሁስ? የፋሲካው ቅመም?"

"ሴቶቹን ለእኔ ተዪልኝ፤ ከአንቺው እንገዛለን። የእኔን ግን እስከ ቅዳሜ እንዳታቆዪብኝ፤ አሁኑኑ ወደ ገበያ ተመልሰሽ ኮረሪማና ቁንዶ በርበሬ ስፈሪልኝ። በዚያ በኩል ግድግዳው ባዶ ነው፤ ከሽፋኖቹ ጥሩዋን መርጠሽ በእሷ ጠቅልዪልኝ።"

የክረምቱ እንጀራ ተረፈ። ሳፊያ ግን ደስታው ከመድረሱ በፊት ንዴቱ ቀደማት። ከጉያዋ ኮረሪማ አውጥታ ፈለቀቀችና አበበች አፍንጫ ሥር ደቀነችው።

"መጀመሪያ አሽቺው!"

አበበች አሸተተች፤ ዓይኗ መሬት ላይ ከተበተኑት ፊቶች አልተነሳም።

"ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው" አለች። "ይቺ ቀይ የለበሰችው ግን ወደ በሩ ታያለች?"