ፓምፕ ያልነበራት ኳስ

የልጅ ልጄ ቃልኪዳን ሰሞኑን ስልኳን ይዛ መጣችና አጠገቤ ቁጭ አለች። «አባባ፣ ይሄን ይዩልኝ፤ ኳስ ቻርጅ ሲያደርጉ» አለችኝ። መነጽሬን አድርጌ አየሁ። እውነትም ለዓለም ዋንጫ የተዘጋጁ ኳሶች ተደርድረው፣ እንደ ስልክ በገመድ ተሰክተው ይሞላሉ። ሆዳቸው ውስጥ አንዲት ትንሽ መሣሪያ አለች አሉ፤ ማን እንደነካት፣ መቼ እንደነካት ለዳኞቹ ትናገራለች። «ባትሪዋ መሀል ላይ ካለቀስ?» ብላት ሳቀችብኝ።

ዘጠናን ያለፍኩ ሰው ነኝ። ሶዶ ቤቴ ቁጭ ብዬ፣ ባሕር ማዶ የሚሮጡ ልጆች ላብ ከግንባራቸው ሲንጠባጠብ አያለሁ። የሰፈራችን ወጣቶች ጎል ሲገባ እንደ ድሮው ወዲያው አይጨፍሩም፤ ዳኛው ጆሮውን ይይዛል፣ ሜዳ ዳር ወዳለችው ቴሌቪዥን ይሄዳል፣ ያያል፣ ከዚያ ነው ጩኸቱ። ደስታ በቀጠሮ ሆነ ብለው የሚያማርሩ አሉ። እኔ አላማርርም። የተበደለ ሰው እዚያው በቆመበት ፍርዱን ሲያገኝ ማየት ደስ ይለኛል፤ በእኛ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር የት አባቱ ነበር።

ቻርጅ የምትደረገዋን ኳስ ሳይ ግን የእኛዋ ትዝ አለችኝ። እሷም ትሞላ ነበር፤ የምትሞላው በሰው ትንፋሽ ነበር እንጂ።

ጊዜው ሠላሳዎቹ ሊያልቁ ሲሉ ነው፤ ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። እኔ አሥራ ሰባት ቢሆነኝ ነው፤ የተወለድኩበትን ቀን የጻፈልኝ ስለሌለ ከዚህ በላይ መማል አልችልም። ቤታችን ከከተማው ወጣ ብሎ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ነበር። አባቴ ቆዳ ያለፋል፣ ኮርቻ ይሰፋል፣ ጠፍር ይቆርጣል። እኔም ሙያውን ተምሬ ከእሱ እኩል እሠራ ነበር። ሰው ሥራችንን ይፈልጋል፣ እኛን ግን አይፈልገንም። ፋቂ ይሉናል። ከማንም ጋር በአንድ ገበታ አንቀርብም፣ ከማንም ጋር አንጋባም፣ የሰው ቤት ደፍ አናልፍም። ጠምቶን ውሃ ብንለምን በቅል አይሰጡንም፤ የእንሰት ቅጠል አጥፈን እንይዛለን፣ እነሱ ከላይ ያንቆረቁሩልናል፣ ጠጥተን ቅጠሉን ጥለን እንሄዳለን። ይህን የምናገረው ለማማረር አይደለም። ይህን ያላወቀ ሰው ቀጥሎ የማወራው ነገር ምኑም ስለማይገባው ነው።

በዚያን ጊዜ ኳስ ማለት ቡትቶ ነበር። የእንሰት ቃጫ ይጠቀለላል፣ ጨርቅ ይለበስበታል፣ በገመድ ይጠፈራል፣ አለቀ። አይነጥርም። የወደቀበት ይቀመጣል፤ ስለዚህ ሁሉም እግር ለእግር ይተጋተጋል፣ ጥፍሩ ይነቀላል፣ ያነክሳል። በኋላ አንድ መምህር ከአዲስ አበባ በጭነት መኪና ሲመጣ የቆዳ ኳስ ይዞ መጣ። መጀመሪያ ቀን መሬት ሲያስመታት ከሰው ቁመት በላይ ስትነጥር ግማሹ ልጅ ሸሸ። ከዚያ ጨዋታው ሁሉ ተገለባበጠ። በቡትቶው ኳስ ማንም የማይችለው የነበረ ልጅ አዲሷ ኳስ ከፊቱ እየነጠረች ስታመልጠው እግሩ ጠፋበት። ማንም ሰው ብሎ ያልቆጠረው አንድ ረጅም ልጅ ደግሞ በግንባሩ እየመታ ሲያገባት የቡድኑ አለቃ ሆኖ አረፈው።

ያ ረጅም ልጅ ጮራሞ ይባላል። መሬት ያላቸው፣ የተከበሩ ሰዎች ልጅ ነው። እኔ ከሜዳው ዳር ካለው ባሕር ዛፍ ሥር ቆሜ አያቸው ነበር። ና ተጫወት ያለኝ የለም፤ ልጫወት ብዬ የምጠይቅም አልነበርኩም። ሌላው ሰው ጎሉን ሲያይ እኔ ስፌቷን አያለሁ። አሰፋፏ ያስቀናኝ ነበር፣ ምን ልዋሽ።

ከኳሷ ጋር አንዲት ፓምፕ መጥታ ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላት ተሰበረች፤ ማን እንደሰበራት እስከ ዛሬ አይታወቅም። ከዚያ ወዲያ ኳሷን በአፍ መንፋት ግድ ሆነ። ከቆዳው ውስጥ የጎማ ፊኛ አለች፣ ፊኛዋ ጣት የምታህል አንገት አላት። ጠፍሩን ፈትቶ አንገቷን ማውጣት፣ በአፍ ይዞ መንፋት፣ ከዚያ አጥፎ አስሮ መልሶ መክተት ነው። ጎማዋ ወፍራም ስለሆነች የአንድ ሰው ትንፋሽ አይበቃትም። አንዱ ጉንጩ እስኪዝል ይነፋና አንገቷን በጣቱ ቆንጥጦ ለሚቀጥለው ያቀብላል። አራት አምስት ሰው ከአፍ ወደ አፍ ተቀባብሎ ነው ኳስ የምትሆነው።

ከቦዲቲ ልጆች ጋር ለቅዳሜ ግጥሚያ ተያዘ። መስከረም ነው፤ ዝናቡ ገና ጨርሶ አልወጣም። ሐሙስ ዕለት ሲለማመዱ ኳሷ ራሰች። እንድትደርቅ ብለው ምድጃ ዳር አስቀመጧት። ቆዳ የማያውቅ ሰው ብቻ ነው እንዲህ የሚያደርገው። እርጥብ ቆዳ እሳት ሲያገኘው ይኮማተራል፤ ስፌቷ ሁለት ቦታ ላይ ተተረተረ። ቆዳ የምናውቀው እኛ ነን፤ እኛን የሚጠይቅ ግን አልነበረም።

ዓርብ ረፋድ ላይ ጮራሞ መጣ። ኳሷን ከአጥራችን ውጭ መሬት ላይ አስቀመጠና ራቅ ብሎ ቆመ።

«ይቺ ትሰፋለች?» አለው አባቴን። አንቱ አላለውም፤ እኛን አንቱ የሚል ሰው አልነበረም።

አባቴ አነሣት፣ አገላበጣት፣ በጥፍሩ ቧጠጣት። «ምን ሆናችሁ ነው እሳት ያስበላችኋት?»

«ልናደርቃት ብለን ነው።»

«ቆዳ በጥላ ነው የሚደርቀው፣ ልጄ» አለና ወደ እኔ ወረወራት። «አንጁሎ፣ ያንተ ሥራ ናት። የእኔ ዓይን ለዚህ አይበቃም።»

ቅቤ አሸሁባትና እስክትለሰልስ ጠበቅሁ። ከዚያ በወስፌ እየበሳሁ በጅማት ሰፋኋት፤ የፋብሪካውን ስፌት ቀዳዳ በቀዳዳ እየተከተልኩ። እንደዚያን ቀን ተጠንቅቄ የሰፋሁት ነገር በዕድሜዬ የለም። ጮራሞ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ከሰዓት በኋላውን ሁሉ አየኝ። ስጨርስ ስፌቱ መያዙን ለማየት የፊኛዋን አንገት አወጣሁና በአፌ ይዤ ነፋሁ፤ ሲያቅተኝ አባቴ ተቀብሎ ሞላልኝ። አላሰብኩበትም፤ ሥራ ላይ ያለ ሰው እንዲህ ነው።

«ነፋሃት» አለኝ ጮራሞ።

«ካልነፋኋት መያዟን በምን አውቃለሁ?»

ይህን ከተናገርኩ በኋላ ነው ያደረግሁት ነገር የገባኝ። በቅል ውሃ የማይሰጠኝ ሰው እኔ አፌን ያሳረፍኩባትን ኳስ ነገ እንዴት ይነፋታል? እሱም ያሰበው ይህንኑ ነው መሰለኝ። «ነገ አብረኸን ና። ብትተረተር የሚሰፋት ማን ነው?» ብሎ ኳሷን በክንዱ አቅፎ ሄደ።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ተነሥተን በእግራችን ወደ ቦዲቲ አቀናን። መንገዱ ቀይ ጭቃ ነው፤ ሣሩ እስከ ጉልበት ያረጥባል። እነሱ ከፊት ይሄዳሉ፣ እኔ ሃያ እርምጃ ያህል ዘግይቼ እከተላለሁ። አንዱ ዞር ብሎ፣ «እሱን ምን ልታደርገው ነው ያመጣኸው?» ሲል ሰማሁ። ጮራሞ አልደበቀም። «የሰፋትም፣ ነፍቶ የሞከራትም እሱ ነው» አለ። ሲያርፉ እንደ ድንች ያለውን የተቀቀለ ቦዬ በዳጣ በርበሬ በሉ፤ የእኔን ድርሻ በቅጠል አድርገው መንገድ ዳር አስቀመጡልኝ። በላሁ። ዳጣው ምላስ ያቃጥል ነበር፣ እኔም ሰበብ አገኘሁና ዓይኔን ጠራረግሁ።

የቦዲቲ ሰው የቆዳ ኳስ አይቶ አያውቅም። ገበያተኛው ሁሉ ሜዳውን ከበበው፤ ቅቤ ሊሸጡ የመጡ ሴቶች እንስራቸውን አስቀምጠው ቆሙ፣ ልጆች ዛፍ ላይ ወጡ። አንድ ሽማግሌ ጨዋታው ሳይጀመር ልንካት ብለው ለምነው ዳሰሷትና ጆሯቸውን አስጠግተው አዳመጧት። የዛሬዋ የምትናገር ኳስ ብትደርሳቸው ምን ይሉ እንደነበር እንጃ።

መምህሩ ራሱ ዳኛ ሆነ። እስከ ዕረፍት አንድ ለአንድ ነበርን። ከዕረፍት መልስ ትንሽ እንደተጫወቱ ኳሷ ሊጥ ሆነች፤ ስትመታ ዝፍ ትላለች። ሮጬ ገብቼ ሳያት ስፌቴ ንቅንቅ አላለም። የላላው የአንገቷ እስር ነው።

«ቶሎ ንፏትና እንቀጥል» አለ መምህሩ። «ካልሆነ ጨዋታው እዚህ ላይ ይቆማል።»

የሶዶ ልጆች እርስ በርስ ተያዩ። እጁን የዘረጋ አልነበረም። «እሱ ነው የነፋት፣ ራሱ ይንፋት» አለ አንዱ። የቦዲቲ ሰዎች ነገሩ ምን እንደሆነ ሲገባቸው ማጉረምረም ጀመሩ።

ተንበረከክሁና ነፋሁ። ያ ሁሉ ሕዝብ እያየኝ። ደጋግሜ ነፋሁ፤ ጆሮዬ ጮኸ፣ ዓይኔ ጨለመብኝ። ግማሽ ድረስ ሄዳ ከዚያ በላይ እምቢ አለችኝ። አንገቷን በጣቴ ቆንጥጬ ያዝኩ። የማቀብለው ሰው ግን አልነበረም። ከሕይወቴ ሁሉ ያቺ ደቂቃ ረዘመችብኝ። ጨዋታው በእኔ አፍ ምክንያት ሊቀር ነው፣ ከዚያ ወዲያ ወደዚያ ሜዳ ዳርም አልደርስም፣ ይህን እያሰብኩ መሬት መሬቱን አያለሁ።

ጮራሞ መጥቶ ፊት ለፊቴ ተንበረከከ። ግንባሩ ላይ የኳሷ ጠፍር ምልክት ታትሞበት ነበር። የፊኛዋ አንገት ምራቄ አለበት፤ እኔም አያለሁ፣ እሱም ያያል። ልጠርግለት የጋቢዬን ጫፍ ሰደድኩ። እጄን ገፋ አደረገና በአፉ ያዛት። ነፋ። ጉንጩ ተወጥሮ እያየኝ ነፋ። ሲደክመው መልሶ ለእኔ አቀበለኝ፣ እኔ ነፋሁ፣ እሱ ነፋ። ከዚያ አንዱ ልጅ ሳይወድ በግድ መጣ፣ ሌላውም መጣ። ኳሷ ድንጋይ ሆነች።

ግጥሚያውን ሁለት ለአንድ ተሸነፍን። ስንመለስ መሀላቸው ነበርኩ፤ መቼ መሀል እንደገባሁ ራሴም አላስተዋልኩም።

ጮራሞ ግን ቀላል አልሆነለትም። ወሬው ቀድሞት ቤቱ ገብቷል። ከሳምንት በኋላ ወደ እኛ መጣ፤ በዚህ ጊዜ አጥሩ ላይ አልቆመም፣ ጎንበስ ብሎ በበራችን ገባ። እናቴ የት እንደምታስቀምጠው ግራ ገባት። እኔ «እንዴት ነህ?» ስለው፣ «ለጊዜው ቤት ውስጥ እኔም በቅጠል ነው የምበላው» ብሎ ሳቀ። አባቴን ያን ቀን አንቱ አለው። አባቴ ተነሥቶ ወደ ጓሮ ወጣና ቆይቶ ተመለሰ። ከዚያ ጮራሞ ከእናቴ ቆጮ ከእኔ ጋር በላ። በሚቀጥለው ሳምንት ሜዳ ገባሁ፤ ጥሩ ተጫዋች አልወጣኝም፣ ግን ሦስት ዓመት ተከላካይ ሆኜ ተጫወትኩ።

ያ ነገር ሁሉንም ሰው አልለወጠም፤ ቅጠሉ በብዙ ደጅ ለረጅም ዘመን ቆየ። እኔ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ የምገባበት አንድ ቤት ነበረኝ። ሁለታችንም ሸብተን ሳለ አንድ ቀን ጠየቅሁት፤ «ያን ቀን ለምን አልጠረግኸውም?» አልኩት።

«ምኑን እጠርጋለሁ፣ ሰዓቱ እየሄደብን» አለኝ።

እየሸሸኝ ይሁን እውነቱን ይሁን አላወቅሁም፤ ደግሜም አልጠየቅሁት። ያቺን ፓምፕ የሰበራትን ሰው ግን ባውቀው ኖሮ አንዱን ልጄን በስሙ እጠራ ነበር።

ጮራሞን ከቀበርን ብዙ ዓመት ሆነ። አንድም ፎቶግራፍ የለውም። ቃልኪዳን በስልኳ አንዲቱን ጎል አሥር ጊዜ እየመለሰች ታሳየኛለች፤ ከቀኝ፣ ከግራ፣ ቀስ አድርጋ። ይህን የሠሩ ሰዎች እጃቸው ይባረክ እላለሁ፤ ከልቤ ነው። ያን ቀን ቦዲቲ ሜዳ ላይ እንዲህ ያለ ነገር የያዘ አንድ ሰው ቢኖር ኖሮ፣ መልሱልኝ የምላቸው ጎሉን አልነበረም። እጄን ገፋ ሲያደርግ ነው። ቀስ አድርጋችሁ አሳዩኝ እላቸው ነበር፤ ደግሞ አንድ ጊዜ።