ናፍጣ በጣታቸው የሚያውቁት አጎቴ

አጎቴ ሰበታ ውስጥ መካኒክ ነበሩ። ናፍጣ ሲገዙ አንዲት ጠብታ በሁለት ጣታቸው አሻሽተው፣ «ናፍጣ ያሟልጫል፤ ላምባ የተቀላቀለበት ግን ጣት ያደርቃል፣ የሞተሩንም ፓምፕ ይበላል» ይሉ ነበር።

በማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ሰሞን መንገዱ ተዘግቶ ሰንብቶ ሲከፈት፣ አጎቴ ታመው ስለነበር አዲስ አበባ ሆስፒታል ላደርሳቸው ተነሳሁ። ማደያው ባዶ ነበርና ከጎረቤታችን ናፍጣ በጀሪካን ገዛሁ።

«አምጣው እስቲ፣ ልየው» አሉኝ ከኋላ ወንበር ተጋድመው።

«ጊዜ የለንም ጋሼ» ብዬ መኪናው የነዳጅ ጋን ውስጥ ገለበጥኩት።

ዳገቱ ላይ ሞተሩ ጠፋ። «ላምባ ነው» አሉ፣ ሳያዩት። ሌላ መኪና ሳላገኝላቸው እዚያው መንገድ ላይ አረፉ።

ጎረቤታችን ለቅሶ መጥቶ «እግዜር ያጽናህ» ሲለኝ እጁን ጨበጥኩት። እሱ ሲሄድ ሳይታወቀኝ ሁለት ጣቶቼን አሻሸሁ።