ባሌ፣ ተሳቢው እና የእንጦጦ ቁልቁለት

ሴት ልጅ ባሏ ዝም ሲላት ምን ታደርጋለች? አንዳንዷ አብራ ዝም ትላለች። እኔ አልችልበትም። እናቴ፣ አላህ ይዘንላት፣ «ይቺ ልጅ ስትወለድ አላለቀሰችም፣ ወሬ ነው የጀመረችው» ትል ነበር። ባሌ ያገባኝ ይህን አውቆ ነው። እንዲያውም ወዶ። ማታ ቀበና ያለችው ቤታችን ይገባና፣ ጫማውን አውልቆ፣ እግሩን ዘርግቶ፣ «እህ፣ ከዚያስ?» ይለኛል። ከምን ቀጥሎ እንደሆነ አይነግረኝም። እኔም አልጠይቀውም፤ ካቆምኩበት እቀጥላለሁ። ልጆቻችን ተወልደው፣ አድገው፣ አግብተው እስኪወጡ ድረስ እንዲህ ነው የኖርነው።

ሥራው ከባድ መኪና መንዳት ነው፣ ከነተሳቢው። መኪናው የሰው ነው፤ እሱ ሾፌር ነው። ከእንጦጦ ጀርባ የባሕር ዛፍ አጣና ይጭንና ቁልቁል አውርዶ ወሰን ሰፈር፣ የእንጨት መሸጫዎቹ ጋ ያራግፋል። ብዙ ዓመት አብሮት የሠራ ረዳት ነበረው። ባለፈው ዓመት ረዳቱ መንጃ ፈቃድ አወጣና ሌላ መኪና ያዘ። ባሌም «ይቅናው፣ እኔ ብቻዬን እበቃለሁ» ብሎ ሌላ ሳይቀጥር ቀረ።

ነገሩ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። መጀመሪያ «ከዚያስ?» ጠፋች። በእሷ ቦታ «እሺ» ገባች። «ቲማቲም ልግዛ ወይስ ሽንኩርት?» እለዋለሁ። «እሺ» ይላል። «ማነው በር ያንኳኳው?» «እሺ።» ከማድቤት ስጠራው አይዞርም። ቀልጄበት አይቻለሁ፣ ተቆጥቼው አይቻለሁ፣ ሰድቤውም አይቻለሁ፤ ግድግዳ! ስልክ ብደውል አያነሳም። ቆይቶ አጭር መልእክት ይጽፍልኛል፣ «መንገድ ላይ ነኝ» ብሎ። በጽሑፍ! ለእኔ!

ይባስ ብሎ ስልኩን ትራሱ ሥር ከቶ መተኛት ጀመረ፣ ድምፁን አጥፍቶ። ሊነጋ ሲል ትራሱ ሥር ቫይብሬት ያደርጋል። እሱ ብድግ ይልና አጥፍቶት ይወጣል። ለሱብሂ ሶላት ነው የሚነሳው፣ አውቃለሁ፤ ግን ለሶላት የሚነሳ ሰው ስልክ ምን ያስደብቀዋል?

የመኪናው ባለቤት ደግሞ «ነዳጅ በዛ» እያለ ይጨቃጨቀዋል። ባሌ «ሞተሩ ጉልበት አጣ፣ ሜዳ ላይ እንኳ ይደክማል» ብሎ ወሰን ያለ ጋራዥ ወስዶ ደጋግሞ አስፈተሸው። መካኒኮቹ ከፍተው፣ ዘግተው፣ «ምንም የለውም» አሉት። እኔ ግን ነዳጁን ማን እንደጨረሰው ገባኝ። ወደ እሷ ቤት ሲመላለስ ነዋ! እሷ ማን እንደሆነች አላውቅም። ቤቷን ግን በሐሳቤ ሠርቼላት ነበር፣ ከነመጋረጃው።

ጎረቤቴን ባማክራት፣ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» አለችኝ። ጎረቤቴ ነገር ለማቀጣጠል ክብሪት አያስፈልጋትም። «ሾፌር ነው፣ ሾፌር ደግሞ መንገድ ያውቃል» ብላ ጨረሰችልኝ። መሪ ኮንዶሚኒየም የምትኖረው እህቴ ግን፣ «ዝም አይነቅዝም፣ ተይው» አለችኝ። ለእሷ አይነቅዝም ይሆናል። እኔ ቤት ነቅዟል።

እውነቱን ልናገር፣ ከቅናቱ ይልቅ ያቃጠለኝ ዝምታው ነው። ሌላ ሴት ከሆነች ሴት ናት፤ ሄጄ በሯ ላይ ቆሜ እናገራታለሁ። ግን ሰልችቼው ቢሆንስ? ወሬዬ፣ ድምፄ፣ እኔ ራሴ ሰልችቼው ቢሆን የማን በር ላይ ሄጄ እጮሃለሁ? ስለዚህ ቆረጥኩ። አንድ ቀን አብሬው እውላለሁ፣ በዓይኔ አያለሁ፣ ሰልችቼው ከሆነ ሳልጨቃጨቅ እህቴ ጋ እገባለሁ። እህቴ ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ናት፤ አንድ ክፍል አይጠፋትም። ልብሴንም ለየት አድርጌ በፌስታል አስቀመጥኩ።

አንድ ቀን ማለዳ ሶላቱን ሰግዶ ሲጨርስ፣ «ዛሬ አብሬህ እሄዳለሁ፣ እንጦጦ አየር ልቀበል» አልኩት። «እሺ» አለ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ ጫማውን እያሰረ። ከዚያ ሻርፔን ለብሼ በሩ ላይ ስቆም ደንግጦ፣ «አንቺ፣ ወዴት ነሽ?» አይለኝም? አሁን እኮ ነገርኩት! «አየሽ፣ ልቡ እዚህ የለም» አልኩ በሆዴ።

መኪናው ወደሚያድርበት ግቢ ሄደን ተሳፈርን። ጋቢና ውስጥ ዓይኔም እጄም ሥራ አልፈቱም። መቀመጫውን ዳበስኩ። የፀሐይ መከላከያውን ገልጬ አየሁ። ሽቶም ፈለግኩ፤ የሚሸተው ናፍጣ ብቻ ነው። አንዲት የፀጉር መያዣ እንኳ የለችም። ባሌ ስፈትሽ እያየ ይስቃል። «ምን ጠፋሽ?» ይለኛል። አንተ ነህ የጠፋኸኝ ልለው ነበር፣ ዋጥኩት።

ላይ ደርሰን ጫኞቹ አጣናውን መኪናውም ተሳቢውም ላይ ከምረው አሰሩት። ቁልቁለቱ ከሚጀምርበት አፋፍ ላይ ስንደርስ ባሌ አቆመ። ወርዶ ጎማዎቹን በእግሩ መታ መታ አደረገ፣ ማሰሪያውን ጎተተ፣ ተሳቢው ከመኪናው የተያያዘበትን ብረት በእጁ ዳበሰ። ተመልሶ ገባና ዝቅተኛ ማርሽ አስገባ። ከዚያ ከመሪው በስተቀኝ ያለችውን ትንሽ ዘንግ ወደ ታች አደረጋት። ሞተሩ አጓራ።

ያን ድምፅ አውቀዋለሁ። አዲስ ሙሽራ ሳለሁ በዚሁ መንገድ ይዞኝ ወርዷል። ያኔ እንዲህ ሲያጓራ፣ «ያ አላህ፣ ሊፈነዳ ነው!» ብዬ ክንዱ ላይ ተጠመጠምኩ። ሳቀብኝ። «ጭሱን ዘግቼበት ነው፣ አትፍሪ» አለኝ። «የጭሱ መውጫ ሲጠብበት ሞተሩ ራሱን ይይዛል፣ ራሱን ሲይዝ መኪናውንም ይይዝልኛል። የጭስ ፍሬን ነው የሚባለው። ተሳቢ እኮ ከኋላ ይገፋል። ይህን ሁሉ ሸክም ይዤ ቁልቁለቱን ሙሉ የእግር ፍሬን ከረገጥኩ ጎማውን የሚይዘው የፍሬን ሸራ ይግላል፣ ይሸታል፣ በመጨረሻም አልይዝም ይለኛል። የእግሩን ለክፉ ጊዜ ነው የማስቀምጠው።» ሜዳው ላይ ስንደርስ ዘንጓን ወደ ላይ መለሳትና ማጓራቱ ቆመ። «እዚህ ከረሳኋት ደግሞ ሞተሩን አንቀዋለሁ፤ ነዳጁን ይጠጣል እንጂ አይሄድልኝም» አለኝ። መንጃ ፈቃድ የማወጣ ይመስል ሁሉንም ዘረዘረልኝ! እኔ ግን ባሌ ሲያወራ ደስ ስለሚለኝ አንዲቷንም አልረሳሁም።

አሁንም እንደዚያው ወረደ። እንዲያ ተናድጄበት እንኳ አወራረዱን ወደድኩት። እጁ አይቸኩል፣ እግሩ አይቸኩል። መታጠፊያው ጋ ሲደርስ የእግር ፍሬኑን ነካ አድርጎ ይለቀዋል፣ ደግሞ ነካ አድርጎ ይለቀዋል፣ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው። ከኋላ ያ ሁሉ እንጨት ተከምሮ፣ እኛ ከፊት ቀስ እያልን እንወርዳለን። በመንገዱ ዳር ስፖርት የሚሠሩ ወጣቶች እየሮጡ ቀደሙን። ይህን ሰው ሌላ ሴት ብትወደውም አይፈረድባትም አልኩ፤ ከዚያ በራሴ ተናደድኩ።

ወደ ኮተቤ መዳረሻ መንገዱ ሜዳ ሆነ። እኔ ግን እስከዚህ ሞልቶብኝ ነበር። ዓይኑን እያየሁ ልናገር አልቻልኩም። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ፣ «ስማ» አልኩት፣ «እኔ ደክሞኛል። ከሰለቸሁህ ሰለቸሁህ ነው። ዛሬ ማታ እህቴ ጋ ልገባ ነው። ትቼህ ልሄድ ነው።»

«እሺ» አለኝ።

እሺ! ዞር ብዬ አየሁት። መንገድ መንገዱን እያየ ፈገግ ብሏል። ወላሂ፣ እናቴን የቀበርኩ ዕለት እንኳ እንዲያ አልሆንኩም። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ስንት ዘመን አብሬው ኖሬ፣ የልጆቹ እናት ሆኜ፣ ሂጂ ለማለት እንኳ አንድ ቃል በቃው!

«ይኸውልሽ፣ የምልሽ ይሄን ነው» አለ እሱ፣ ነዳጁን እየረገጠ። «ሜዳ ላይ እንኳ ጉልበት የለውም።»

ድምፁን ያስተዋልኩት ያኔ ነው። ሞተሩ አሁንም ያጓራል። ቁልቁለቱ ካለቀ ቆይቷል፣ ዘንጓ ግን ወደ ታች እንዳለች ናት። ከኋላችን ሚኒባስ ክላክሱን እያስጮኸ መጣ። በባሌ በኩል ሲያልፍ የታክሲው ረዳት በመስኮቱ ብቅ ብሎ፣ «ፋዘር! አነቅከው እኮ! ልቀቀው!» ብሎ ጮኸ። ባሌ ዓይኑን እንኳ አላዞረም።

«ዘንጓን አልመለስካትም» አልኩት።

«እሺ» አለ። አልነካትም።

«ዘንጓን መልሳት!» ብዬ ጮኽኩ።

«እሺ፣ እሺ» አለኝ፣ አሁንም ፈገግ ብሎ።

ተንጠራርቼ ራሴ መለስኳት። ማጓራቱ ቆመ፤ መኪናው የታሰረበት እንደተፈታ ሆኖ ወደፊት ሄደ። ባሌ ክው አለ። እጄን አየ፣ ዘንጓን አየ፣ እኔን አየ። ዳር ያዘና አቁሞ ሞተሩን አጠፋ።

ሁሉም ነገር ባንድ ጊዜ ወረደብኝ። ስልኩን ትራሱ ሥር ያደረገው ሊደብቀው አይደለም፤ ቫይብሬቱ ነው ለሶላት የሚቀሰቅሰው! ጽሑፉም፣ ነዳጁም፣ ያ ሁሉ እሺም። መጋረጃ የሰቀልኩላት ሴትዮ የለችም። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

ፊቱን በሁለት እጄ ይዤ ወደ እኔ አዞርኩት። «ከመቼ ጀምሮ ነው የማትሰማው?»

የሚያየው ከንፈሬን ነው። «ግራ ጆሮዬ ቆይቷል» አለ። «የሞተሩ ጩኸት ነው። ቀኙ ግን ዓምና ነው የጀመረው። ረዳቱ እያለ ‹ጋሼ፣ ዘንጓን ይመልሷት› ይለኝ ነበር። እኔም ሆን ብዬ የምፈትነው አስመስዬ ‹ጎበዝ› እለዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን አትነግረኝም? አንተ ሰውዬ! እኔ ሚስትህ አይደለሁም?» ጮኽኩበት። ለጆሮው ብዬ አልነበረም፣ ንዴቴ ነው።

«ባለቤቱ ከሰማ መኪናውን ይወስድብኛል።»

«እኔ ነኝ የምነግርብህ?»

መሪውን ዳበሰው። «አንቺንማ፣ ማውራት ትተያለሽ ብዬ ፈራሁ» አለ። «ለማይሰማ ሰው ምን አለፋኝ ብለሽ ዝም ትያለሽ። አሁን ያወራሽ ሲመስለኝ እሺ እላለሁ፤ ቃሉ ባይገባኝም አፍሽን አየዋለሁ። ስትቆጪ አያለሁ፣ ስትስቂ አያለሁ። እሱም ከቀረብኝ ማታ ቤት ገብቼ ምን አደርጋለሁ?»

አልቅሼ አልቅሼ ሲወጣልኝ እሱ የሻርፔን ጫፍ ይዞ ፊቴን ይጠርግልኛል። የኔ ጅል። ወሬዬን ጠላ ስል ያለ ወሬዬ መኖር ፈርቶ ኖሯል!

ቆይቶ፣ «ቅድም እሺ ያልኩሽ ምን ነበር?» አለኝ። «ፊትሽን አዙረሽ ነበር።»

ልዋሸው አሰብኩ። ግን መደባበቁ ይብቃን አልኩ። «ትቼህ እህቴ ጋ ልሄድ ነው ነው ያልኩህ» አልኩት፣ ቃሉን እየለያየሁ።

ፊቱ ጠቆረ። ዓይኑ ሲረጥብ ያየሁት ልጆቻችንን የዳርን ጊዜ ብቻ ነው። «እሱንስ እምቢ» አለ። «ሌላውን ሁሉ እንዳልሽ። እሱን እምቢ።»

«አልሄድም» አልኩት። «ግን አንተም ከእንግዲህ ተሳቢ ይዘህ ቁልቁለት አትወርድም። ልጅ መንገድ ሲያቋርጥ እናቱ ብትጮህ ማን ይሰማታል?»

ይህን ባይሰማኝ በወደድኩ። ከከንፈሬ ላይ አነበበው። ዕድሜውን ሙሉ የሚያውቀው ሥራ ይኸው ነው። ከዚያ ቁልፉን ነቀለና መዳፌ ላይ አስቀመጠው። እኔም ቁልፉን ከነእጁ ያዝኩት።

ለቀድሞ ረዳቱ የደወልኩት እኔ ነኝ። ዕረፍት ላይ ነበርና ታክሲ ይዞ መጣ። ምን ሆናችሁ አላለም። ባሌን ትከሻውን ሳመው፣ ከእኔ ቁልፉን ተቀበለ፣ መሪው ጋ ወጣ። እኔ መሐል ተቀመጥኩ፣ ባሌ መስኮቱ ጋ። በዚያ መኪና ተሳፋሪ ሆኖ ሲቀመጥ የመጀመሪያው ነው። እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት ጭኑ ላይ አጣጠፈው።

መንገዱ ትንሽ ባዘቀዘቀ ቁጥር ቀኝ እግሩ ባዶውን ወለል ይረግጣል። ጉልበቱን ያዝኩለት። ፊቴን ሙሉ በሙሉ ወደ እሱ አዙሬ እስከ ወሰን ድረስ አወራሁለት። ምን እንዳወራሁ አላስታውስም። እሱ ግን ዓይኑን ከአፌ ላይ አልነቀለም።