በጆሮ የሰጠሁት ግጥም

የፈረስ ጭራ በሙጫ ሲታሽ የሚወጣው ሽታ ባፍንጫዬ ሽው ባለ ቁጥር ልጅነቴ ይመጣብኛል። አስቀድሜ ልናገር፤ በጣሊያን ዘመን በቡሬ ዙሪያ እንደኔ ያለ ምስጢር ጠባቂ አልተወለደም፤ አፌን ለማስከፈት ስምንት ጥማድ በሬ አይበቃም ነበር። «ጎበዝ» የሚለኝ አንድ ሰው ግን ይበቃ ነበር።

በዚያ ክረምት ይርዳው የሚባል አዝማሪ ከግሽ ዓባይ በኩል መጥቶ፣ ዝናብ መንገዱን ስለዘጋበት እኛ ቤት ሰንብቶ፣ አባቴ በሰጠው የፍየል ቆዳ አዲስ ማሲንቆ ይሠራ ነበር፤ ቆዳውን ውኃ ውስጥ ዘፍዝፎ፣ እንጨቱ ላይ ወጥሮ፣ ጭራውን ሲያስር እኔ ካጠገቡ አልጠፋም ነበር። ጊዜው ሰው ጥላውን የሚጠረጥርበት ነበር፤ ሁለት ጊዜ ያልጮኸ ውሻ እንኳ «ባንዳ ነው» ይባል ነበር። እናቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ይህ ሰውዬ ማገራችንን ይቆጥራል፤ ልብ ይበሉ» ስትለው፣ አባቴ «እንግዲያ ስንት እንደሆነ ይንገረን፣ እኔም አላውቀው» ይላት ነበር። ያም ሆኖ አርበኛው አጎቴ ፈጣም ገደል ሥር ዋሻ ውስጥ መሸሸጉን በእንግዳው ፊት ማንም አያነሣም ነበር።

ዝናቡ ካቆመም በኋላ ይርዳው ከእኛ ቤት አልሄደም፤ ጥር ገብቶ፣ በጎረቤት ሰርግ ዳስ ውስጥ ሲጫወት፣ ሰዉ በየተራ «ተቀበል!» እያለ ግጥም ይሰጠው፣ እርሱም የተሰጠውን ሳይመርጥ ይዘፍነው ነበር፤ የአዝማሪ ወጉ ነውና። እኔም ለመመስገን ቸኩዬ፣ ጮኼ ለመናገር ግን አፍሬ፣ በጆሮው አንሾካሾክሁለት። እርሱም ሳብ አድርጎ ዘፈነው፤

«ጎበዝ አጎት አለኝ ቤትም አያሻውም፣
ከፈጣም ገደል ሥር ይበቃል ዋሻውም።»

እልልታው ቀጥ አለ። ከሚዜዎቹ አጠገብ የጣሊያን አስተርጓሚ ተቀምጦ ይበላ ነበር። አባቴ «ጊደር ጠፋብኝ» ብሎ ሹልክ አለና አጎቴን አስመለጠው፤ በማግስቱ ወታደሮች ዋሻውን ባዶ አገኙት።

ሽማግሌዎች ይርዳውን ዋርካ ሥር አቁመው፣ «ማን ሰጠህ?» አሉት።

በሰው መሀል ፈልጎ አየኝ።

«ማንም አልሰጠኝም፣ አባቶቼ። የራሴ ነው።»

«አንተ እዚህ አገር ምን አጎት አለህ?»

«ለግጥም ነው።»

«ዋሻውንስ ማን አሳየህ?»

ይርዳው ማሲንቆውን ወደ ደረቱ አስጠጋ። አባቴ ራሱ የሰጠውን ቆዳ በቢላ ቀደደው፤ ይርዳውም ባዶውን እንጨት ታቅፎ በደምበጫ መንገድ ሄደ።

ዛሬ ፍኖተ ሰላም ጠጅ ቤት ስቀመጥ ዘፈኑ ከራዲዮ ይወጣል፤ ግጥም የሚሰጥም የሚቀበልም የለም፣ በዘፈን የሚጠረጠርም የለም። ያን ቀን «እኔ ነኝ» ማለት እችል ነበር፤ የአባቴን ዱላ ፈርቼ አላልሁም። የሰፈሩ ልጆች «ባንዳ! ባንዳ!» እያሉ አዝማሪውን እስከ ወንዙ ሲከተሉት፣ ከሁሉም አብልጦ የጮኸው እኔ ነበርሁ።